ግድቡ ደረቅ ነው ብላችሁ አትናቁት

ጠጋ በሉማ። ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ወሬ አይደለም።

ግድብ ሊጎበኝ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚሠራው ምን ይመስላችኋል? ስንጥቅ መድፈን? አይደለም። ቱቦ መጥረግ? እሱም አይደለም። የብረት አጥሩ ቀለም ይቀባል። ታፔላው ይወለወላል። መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ አዲስ ጠጠር ይደፋል። እንግዶቹ ይመጣሉ፤ ግድቡ አናት ላይ ይሰለፋሉ፤ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ፎቶ ይነሳሉ። አንዱ መሬቱን በጫማው መታ መታ ያደርግና «ጠንካራ ነው» ይላል። ከዚያ ወደ ምሳ።

እኛ ደግሞ ከኋላ ቆመን እንተያያለን። የውስጥ ሰው ውሃውን ቆሞ አያደንቅም። ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ዳገቱን ወርዶ ውሃ ወደሌለበት ወገን፣ ወደ ግድቡ እግር ይሄዳል። ግድብ ገመናውን የሚያወጣው በጀርባው በኩል ነዋ!

ምን ዓይነት ገመና? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ የት እንዳለን ልንገራችሁ።

የምኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ቤርሼቫ ነው። እንጀራዬ ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው፤ መለኪያ ተሸክሜ ከመሐንዲሶች ኋላ የኔጌቭ በረሃን ዋዲዎች፣ ዝናብ ካልመጣ ደርቀው የሚከርሙትን ወንዞች፣ ስዞር ዓመታት አልፈዋል። «በረሃ ላይ ደግሞ ምን ግድብ አለ?» የማይለኝ ሰው የለም። እውነታቸውን ነው። ከተማችን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ የበለጠ ይዘንብባታል። የቤርሼቫ ናሐል (ዋዲውን በዕብራይስጥ እንዲህ ነው የምንለው) በአብዛኛው ጸጥ ያለ ሜዳ ነው። በዳርቻው ትልቅ መናፈሻ ተሠርቷል፤ በተጣራ ውሃ የተሞላ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፤ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ኦቶማኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት ባለ ብዙ ቅስት የባቡር ድልድይም እዚያው ቆሟል። የማያውቅ ሰው ድልድዩን አይቶ «ለዚህ ደረቅ መሬት ይህን ያህል ድልድይ ምን አስፈለገው?» ይላል። ቱርኮቹ ግን ክረምቱን አይተውት ነበር።

ጉዱ ያለው አፈሩ ላይ ነው። የኔጌቭ አፈር ሎስ ይባላል፤ ነፋስ ከሩቅ አምጥቶ ያከማቸው ደቃቅ አፈር ነው። ስታዩት ውሃ የተጠማ ይመስላል። አይጠጣም! የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲመቱት ፊቱ ይላቆጥና ስስ ቅርፊት ያበጃል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ዋዲው ይገባል። ዝናቡ ደግሞ ቤርሼቫ ላይ መዝነብ እንኳ የለበትም። የሄብሮን ተራሮች ላይ ያወርደዋል፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ጎማና ቁጥቋጦ እያንከባለለ ይደርሳል። ወደ ባሶር ይገባል፤ በጋዛ በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል። የባሶር ተፋሰስ 3,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያ ሁሉ መሬት ውሃውን ወደ አንድ መተላለፊያ ይልካል ማለት ነው።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱም በጋውን አሸዋ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2006 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የምቆጥርላችሁ) ከደጋው በሌሊት የወረደው ደራሽ ከ200 በላይ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ወሰደ። እዚህ ደግሞ ኤፕሪል 2018 በናሐል ጻፊት ለእግር ጉዞ የወጡ 10 ወጣቶች በደራሽ ጎርፍ አለቁ። ወላጆቻቸው በረሃ ነው የላኳቸው።

ስለዚህ እዚህ ውሃ ሲመጣ አንድ ሰው ሊይዘው ይገባል። ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ሞክረዋል። ከከተማው ጥግ ያለውን ቴል ቤርሼቫን ጎብኝታችሁ ከሆነ፣ ያን ከዐለት የተፈለፈለ የውሃ ጓዳ አስታውሱ፤ የዋዲውን ጎርፍ በቦይ ጠልፈው የሚያስገቡበት ነበር። ከዲሞና ማዶ ያለችው የጥንቷ ማምሺትም ሸለቆዋን በግድቦች ዘግታ ኖራለች። ከዚያ የእኛ ዘመን መጣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከቤርሼቫ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ርቀት፣ የሩሐም ከተማ አጠገብ ግድብ ተሠራ። ጎርፉን ይዞ መሬት ሊያጠጣ ነበር የታሰበው። ሐሳቡ እንደታሰበው አልሄደም፤ ደለል መጣ፣ ለዓመታትም የዚያችው ከተማ ፍሳሽ ገባበት። በኋላ ተጠርጎ ዛሬ ሰው ቅዳሜን የሚያሳልፍበት ሐይቅና መናፈሻ ሆኗል። ያ ግድብ ግን 70 ዓመት አልፎታል። በአገሩ ሁሉ ደግሞ ኬረን ካየሜት የተባለው ድርጅት ብቻውን ከ200 በላይ ማጠራቀሚያ አሠርቷል። ትልልቆች አይደሉም። አብዛኞቹ የአፈር ክምር ናቸው፤ ሰው በመኪና አልፏቸው ሲሄድ ጉብታ እንጂ ግድብ አይመስሉትም።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንግባ።

ታፔላው ላይ «ይህ ግድብ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል» ተብሎ ተጽፎ አይታችሁ ይሆናል። አትመኑት። ያ ቁጥር ግድቡ የተመረቀ ዕለት ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ደለል ነው። እንዲያውም ይህን የምናገረው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የቤርሼቫው የቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ሰው ዮናታን ላሮን ከእንግሊዛዊው ኢያን ሪድ ጋር ሆኖ ናሐል ያቲር ውስጥ የጎርፍ መለኪያ ቀብሮ በ1993 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት አለ። ያቲር ወደ እኛው ናሐል የሚገባ ዋዲ ነው። ያገኙት ነገር ዓለምን ያስደነቀ ነው፤ የበረሃ ደራሽ በዝናባማ አገር ካለ ወንዝ ይልቅ ጠጠርና አሸዋ የማንከባለል ብቃቱ እስከ 400 እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ የሚፈስ ወንዝ ታችኛውን ደቃቅ የሚሸፍን የድንጋይ ንጣፍ በወለሉ ላይ ያበጃል፤ ዋዲ ግን እንዲህ ያለ ንጣፍ የለውም። ውሃ ሲመጣ ወለሉ አብሮ ይነሳል።

ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? ግድቡ ሆድ ውስጥ። የጎንደር ሰዎች አንገረብን አስታውሱ፤ የከተማዋን የመጠጥ ውሃ የሚይዘው ግድብ ከተሠራ ጀምሮ ከደለል ጋር ሲታገል ኖሯል። በ1960 የተጠናቀቀው ቆቃም የአዋሽን አፈር ሲውጥ ነው የኖረው። ሰው ደለልን የሚያስበው «ውሃ ይቀንሳል» ብሎ ብቻ ነው። ለጎርፍ የተሠራ ግድብ ላይ ግን ነገሩ ይብሳል፤ ባዶ ሆኖ ጎርፍ መጠበቅ የነበረበት ቦታ በጭቃ ተይዟል። ያው ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ከበፊቱ ቀድሞ አናቱ ላይ ይደርሳል። ግድቡ ከውጭ ያው ነው። ቀለሙም አዲስ ነው። ውስጡ ግን ግማሽ ግድብ ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ አሁን ወደ ጀርባው እንውረድ።

የአፈር ግድብ ውሃ ያሳልፋል። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ይደነግጣሉ። አትደንግጡ፣ ሁሉም ያሳልፋል። የጠላ ጋን ከውጭ ሲያልበው ማን ደነገጠ? የሚያስፈራው ጋኑ ከላቡ ጋር ሸክላውን ይዞ ሲወጣ ነው። ግድብም እንዲሁ ነው። ከእግሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ጥርት ያለና መጠኑ የማይለዋወጥ ከሆነ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ይታለፋል። ድፍርስ ሲሆን ግን ግድቡ ራሱን እያወጣ ነው። ከውስጥ እህል የምታህል አፈር ወጣች፤ ከኋላዋ ቦታ ተለቀቀ፤ ውሃው ፈጠነ፤ ሌላ አፈር ያዘ። ከእግሩ ተነስቶ ወደ ውሃው እየሰረሰረ የሚሄድ ቱቦ በማንም ዓይን ሳይታይ ይበጃል። መሐንዲሶቹ የውስጥ መሸርሸር ይሉታል። ከሚናዱት የአፈር ግድቦች አብዛኞቹን የሚጨርሷቸው ከአናት በላይ የሚፈስ ውሃና ይህ ቱቦ ናቸው።

ይህን ያስተማሩኝ በዩኒቨርሲቲ ነው። ያሳዩኝ ግን አንድ ዘበኛ ናቸው።

የጎንደር ገጠር ሰው ናቸው፤ አንድ አሮጌ ማጠራቀሚያ ይጠብቃሉ። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ደጋግሞ ከጣለ በኋላ፣ ለመለካት ስንሄድ መሐንዲሶቹ በቀጥታ ወደ አናቱ ወጡ። እሳቸው ግን እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ነይማ። አንድ ነገር ላሳይሽ።»

«ምን ተገኘ፣ ጋሼ?»

አልመለሱልኝም። ወደ ጎጇቸው ወሰዱኝ። መስኮቱ ላይ የኮመጠጠ ኪያር የሚመጣባቸው ባዶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ውሃ ይዘዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በወረቀት የቀኑ ስም ተለጥፏል። ከግድቡ እግር፣ በጋውን ሁሉ ሌላው ሣር ሲደርቅ ለምለም ሆኖ ከሚከርመው ሥፍራ፣ በየጠዋቱ እየቀዱ አምጥተው ማስቀመጣቸው ነው። የእሑዱ ጠርሙስ እንደ መስተዋት ጠርቷል። የሰኞውም። የማክሰኞው ታች ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር አለ። የረቡዑ ደለል የጥፍር ውፍረት ያህል ሆኗል።

«ትናንት እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሮጥኩ። መሐንዲሶቹ ወርደው ጠርሙሶቹን ሲያዩ ማንም አልተከራከረም። በዚያው ቀን ውሃው ቀስ እየተባለ እንዲለቀቅ ተደረገ፤ የሚፈልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ተደረበ።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቀዳዳው አልተደፈነም! መድፈን የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ሁላችንም ጨርቅ ፈልገን እንሮጣለን። ግን ከጀርባ በኩል ከደፈናችሁት ውሃው ውስጥ ይጠራቀምና ግፊቱ ይጨምራል፤ ሌላ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል። ስለዚህ ውሃው ይውጣ፤ አፈሩ ግን እንዳይወጣ በአሸዋና በጠጠር ይጠለል። ግድብን የሚያድነው ማጥለያ ነው።

ጊዜው ካለፈስ? ያኔ ማጥለያም አያድንም። አይዳሆ፣ አሜሪካ፣ ጁን 5 ቀን 1976። ቴተን የተባለ 93 ሜትር ከፍታ ያለው አዲስ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ነበር። ጠዋት ላይ ድፍርስ ውሃ ከጎኑ ሲወጣ ታየ። ሁለት ቡልዶዘር ላኩ፤ ቀዳዳው ውስጥ አፈር እንዲገፉ። ቀዳዳው ቡልዶዘሮቹን ዋጣቸው፤ ሹፌሮቹ ለጥቂት ተረፉ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ሄደ፤ 11 ሰው ሞተ። ከመጀመሪያው ድፍርስ ውሃ እስከ መጨረሻው ድረስ የነበረው ጊዜ የአንድ ጠዋት ሥራ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ሣር ላውራችሁ። አትሳቁ። ግድብ ላይ ሣር የሚታጨደው ለውበት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ግድቡን ለማየት እንዲያመች ነው የሚታጨደው። ሣሩ ካደገ እርጥቡ ቦታ አይታይም፤ ስንጥቁም አይታይም፤ ጃርቱም ጉድጓዱን እንደልቡ ይቆፍራል። አዎ፣ ጃርት! ኔጌቭ ውስጥ ሞልቷል፤ የአፈር ግድብ ደግሞ ለእሱ የተዘጋጀ ቤት ነው። ፍልፈልም ይወደዋል። ጃርት ከጀርባ ገብቶ ክረምት ውሃው ከፊት ከፍ ሲል ሁለቱ መሃል ላይ ከተገናኙ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ዛፉስ? ሰው ለጥላ ብሎ ግድቡ ላይ ኤሼል ይተክላል፤ ያምራል። ሥሩ እርጥበት ፍለጋ ወደ ግድቡ ሆድ ይወርዳል። ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብሳል፤ የነበረበት ቦታ ባዶ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ዛፍ ግድብ ላይ ስታዩ ቆንጆ ነው አትበሉ። ማን ዝም ብሎ እንዳሳደገው ጠይቁ። ቆርጦ መሄድም መፍትሔ አይደለም፤ ሥሩ ተነቅሎ ቦታው በደንብ ተጠቅጥቆ መሞላት አለበት።

ይህ ሁሉ ሥራ የማነው? የአጫጁ። የዘበኛው። ቱቦ የሚጠርገው ሰው። ሰባ ዓመት የቆመ ግድብ ካያችሁ ስማቸው የትም ያልተጻፈ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉበት። በጀት ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው የእነሱ ሥራ ነው፤ ሣር አለማጨድ በዚያ ዓመት ምንም አያመጣማ። በሚቀጥለውም አያመጣም።

ሌላ ልንገራችሁ? ማስተንፈሻው። ትርፍ ውሃ በሰላም እንዲወጣ ግድቡ ጎን ላይ የሚተው ዝቅ ያለ በር ነው። የአፈር ግድብ አናቱ ላይ ውሃ ከፈሰሰበት ይቆረሳል፤ ማስተንፈሻው ነፍሱ ነው። እና ሰዎች ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? የአሸዋ ከረጢት ይደረድሩበታል! ለምን? ትንሽ ተጨማሪ ውሃ ለማስቀረት። በበረሃ ውሃ ገንዘብ ነዋ። ወይም ዓሣው እንዳያመልጥ ወንፊት ይዘረጉበታል፤ ወንፊቱ ቁጥቋጦና ፕላስቲክ ይይዝና የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ በሩ ግድግዳ ይሆናል። የታችኛው መውጫ ቱቦ አፍ ላይ ደግሞ ያየሁት ነገር ሁሉ ቢነገር አታምኑኝም፤ ፍራሽ፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ፣ የሞተ በግ።

መዝጊያውን የሚያዞረው መዘውር አለላችሁ ደግሞ። በቅባት ያብለጨልጫል። ቅባቱ ከላይ ነው። የውስጥ ሰው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ «አዙሩት እስቲ።» ያኔ ፊቶች ይለዋወጣሉ። ቁልፉ የለም። ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። ዘንድሮ አልተሞከረም። አምናም። ጎርፍ በሌሊት ሲመጣ ማን ያዞረዋል? በምን መብራት? ግድቡ የአየር ንብረቱን መቋቋም አለመቋቋሙን ለማወቅ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት መዘውሩን አዙሩ።

«የመቶ ዓመት ጎርፍን እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው» የሚለውን አባባልም ሰምታችሁ ይሆናል። ደስ ይላል፣ አይደል? ሰው ሲሰማው በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ፣ የልጅ ልጅ የሚያየው ነገር ይመስለዋል። ትርጉሙ እንደዚያ አይደለም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊመጣ ይችላል። ሒሳቡን ስትሠሩት 50 ዓመት በቆመ ግድብ ላይ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው። እንደ ሳንቲም መወርወር ሊሆን ምን ቀረው? የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2021 ባወጣው ዘገባ ደግሞ በዓለም ካሉት ወደ 58,700 ትልልቅ ግድቦች አብዛኞቹ ከ1930 እስከ 1970 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው፤ የተሠሩትም ከ50 እስከ 100 ዓመት እንዲያገለግሉ ታስበው ነው። ቁጥሩን ደምሩት።

ይህን ሁሉ የማወራው ለወሬ ያህል አይደለም። የምፈራው አንድ ነገር ስላለ ነው፤ ስሙም ደርና ነው።

ደርና የሊቢያ ከተማ ናት፤ ባሕር ዳር፣ መሃሏን እንደ እኛው ደረቅ ዋዲ የሚከፍላት። ዋዲው በ1959 ከባድ ጎርፍ አምጥቶባት ስለነበር በ1970ዎቹ አንድ የዩጎዝላቪያ ኩባንያ ሁለት ግድብ ሠራላት። ላይኛው አቡ መንሱር ይባላል፤ 75 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ 22 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ታችኛው ከከተማዋ ጥግ ነበር። ሁለቱም የተሠሩት ለጎርፍ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆነው ቆሙ። የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ግድብ ሲጎድል ሰው በቧንቧው ያውቃል፣ ይጮኻል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሲበላሽ መብራት ይጠፋል። የጎርፍ ግድብ ግን ለሠላሳ ዓመት ምንም ሳይሠራ ይቆማል፤ መበላሸቱን የምታውቁት በአንድ ሌሊት ነው። ለዚህ ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚረሳው።

ደርና ላይ የተረሳውም ሳይታወቅ አይደለም። ስንጥቅ መኖሩ ከ1998 ጀምሮ ተነግሯል። በ2007 ለአንድ የቱርክ ድርጅት ጥገናው ተሰጠ፤ በ2011 አብዮቱ መጣና ሥራው ተቋረጠ። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2021 ለጥገና የተመደበው ከ2 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ገንዘብ ሥራ ላይ አለመዋሉን ጻፈ። በ2022 የኦማር አል ሙኽታር ዩኒቨርሲቲው ምሁር አብደልዋኒስ አሹር ትልቅ ጎርፍ ቢመጣ ውጤቱ አስከፊ እንደሚሆን፣ ግድቦቹም ባስቸኳይ መጠገን እንዳለባቸው በጥናት አሳተመ። ሴፕቴምበር 10 ለ11 አጥቢያ 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል መጣ። ላይኛው ግድብ ሄደ፤ ታችኛው ተከተለው፤ የከተማዋ መሃል ተጠርጎ ባሕር ገባ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። በጁላይ 2024 ፍርድ ቤት 12 ባለሥልጣናትን በእስራት ቀጣ። ወረቀቱ ሁሉ ነበር። ሪፖርቱ ነበር። ገንዘቡም ተመድቦ ነበር። ያልነበረው «ይህ የእኔ ነው» የሚል ሰው ነው።

ቤርሼቫ ደርና ናት አላልኩም። ከላይዋ እንዲያ ያለ ግዙፍ ግድብ የላትም፤ ሕግም አለ፣ ከ1957 ጀምሮ የቆየ የጎርፍ መከላከያ ሕግ፤ ናሐሉን የሚከታተል የሺክማ ባሶር የማፋሰሻ ባለሥልጣንም አለ። ግን እዚሁ ከእኛ በስተ ምሥራቅ፣ ሮተም ሜዳ ላይ፣ ጁን 30 ቀን 2017 የአንድ የፎስፌት ፋብሪካ የአሲድ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ግድግዳ ተናደ። ወደ 100,000 ሜትር ኩብ አሲዳማ ውሃ በናሐል አሻሊም ወረደ፤ የበረሃ ፍየሎችን ገደለ፤ ሸለቆው ለተጓዥ ተዘጋ። ያ ግድግዳም የአፈር ክምር ነበር። በእንግዳ ዓይን ሲታይ ጉብታ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ይህኛውን በጆሯችሁ ነው የምነግራችሁ። ግድብ ማንም ሳይነካው አደገኛ ሊሆን ይችላል። እኛ ግድብን በአደገኛነቱ ስንመድብ የምናየው የግድቡን ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ከበታቹ ማን እንደሚተኛ ጭምር ነው። ሲሠራ ከሥሩ የነበረው የስንዴ ማሳ ነበር፤ ቢናድ ስንዴ ይጠፋል። ዛሬ እዚያ መንገድ ወጥቷል፣ መዋዕለ ሕፃናት ተከፍቷል፣ ሰፈር ተገንብቷል። ቤርሼቫ ራሷ ከ200,000 በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ ሆናለች። ግድቡ ያው ግድብ ነው፤ ፋይሉም ያው አሮጌ ፋይል ነው፤ «ዝቅተኛ አደጋ» የሚለው ማኅተም ግን የስንዴው ዘመን ማኅተም ነው። ቤት ስትገዙ፣ ስትከራዩ፣ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ስታስገቡ፣ ከላይ ምን እንዳለ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ፤ መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው? ማን ፈተሸው? ሪፖርቱን ማየት ይቻላል? ልጆቻችን ዕብራይስጡን አሳምረው ያውቁታል፤ ደብዳቤውን እነሱ ይጻፉት።

ክረምት ላይ በእግራችሁ ስትወጡ ደግሞ የአፈር ግድብ ካያችሁ በጀርባው እለፉ። እርጥብ ቦታ፣ አዲስ ምንጭ፣ አዲስ ስንጥቅ፣ የጃርት ጉድጓድ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ 106 ደውሉ። የምትናገሩት ሦስት ነገር ነው፤ ቦታው የት እንደሆነ፣ መቼ እንዳያችሁት፣ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ። ድፍርስ ሆኖ እየበዛ ከመጣ ግን ፎቶውን ተዉት፤ ከዋዲው ውጡ፣ ሰዉን አስወጡ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆናችሁ 100 ደውሉ።